የብስክሌቷ ስም

ጋዜጣው የብስክሌቷን ስም ጠርቶ የሁሪያን ሳይጠራ አለፈ። ዘኪያ ይህን የሰማችው ሰኞ ጧት፣ ገበያው ገና ሞቅ ሳይል፣ የጨው ግመሎች ተንበርክከው ሲራገፉ፣ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ሥር ቆማ ነው። «የሰሜን ጮራ» የሚባለው ጋዜጣ በጭነት መኪና ላይ ከሳሙና ካርቶንና ከአቡጀዲ ጣቃ ጋር ሲንገላታ ሰንብቶ መቀሌ የሚደርሰው፣ የያዘው ወሬ አርጅቶ ጥርሱ ከወለቀ በኋላ ነበር። የዛሬው ደግሞ የባሰ ነው፤ ወሬው ራሱ የመቀሌ ወሬ ነው። ከዚሁ ሰፈር ተነሥቶ፣ በመምህር ደመላሽ ብዕር ተጽፎ፣ ሩቅ አገር ሄዶ ቀለም ተቀብቶ ተመልሶ የገባ ነው። ቢሆንም በረንዳውን ሰው አጣቦታል። የከተማ ሰው በገዛ ዓይኑ ያየውን ነገር እንኳ ከጋዜጣ ካልሰማው ልቡ አያርፍም፤ ከሰማው በኋላ ደግሞ በዓይኑ ያየውን ይረሳዋል።

መምህር ደመላሽ ከሸዋ የመጣ፣ ቀጭን፣ ከረባቱን እንደ ክታብ ከአንገቱ የማያወርድ አስተማሪ ሲሆን በትርፍ ጊዜው የጋዜጣው ወኪል ነው። የጻፈውን ራሱ ማንበብ ይወዳል። ወንበር ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዕፅ የሰሜኑን ነፋስ አሳበደ!» ብሎ ጀመረ። «የመቀሌና የኲሓን ደርሶ መልስ ውድድር በአንደኝነት የፈጸመው፣ ጭኑ እንደ ጽድ ምሰሶ የጠነከረው፣ ሕዝቡ የሰሜኑ ነፋስ እያለ የሚጠራው ብስክሌተኛ ጀላሉ አእምሮን በሚያውክ ዕፅ በመመረዙ በቤቱ ውስጥ አሳዛኝ አደጋ ደርሷል። ዕፁ ጫት ይሁን፣ አብሾ ይሁን፣ ወይም ከሕንድ አገር የመጣ ስሙ ያልታወቀ ዱቄት፣ ነገሩ ገና በመመርመር ላይ ነው። ዳማ የተባለችው ዝነኛ ቀይ ብስክሌቱ ከግድግዳ ተደግፋ ጌታዋን ትጠብቃለች። ባለቤቱም ጥቂት ተጎድታለች።»

ሕዝቡ ለዳማ ከንፈሩን መጠጠ።

«ድሮስ ከዚህ ቅጠል ምን ይጠበቃል?» አለ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሻይ ብርጭቆውን እያሽከረከረ።

«ቅጠላችን ደግሞ ምን አረገ አቦ?» አለ አንድ የወሎ ሸማ ነጋዴ ከወዲያ። «አያቶቻችን ሲቅሙት ኖረው ማንን ሰበሩ? የእናንተ ሰዎች ለብስክሌት ጉልበት ይሆንሃል ብለው ያጠጡት አብሾ ነው እንጂ!»

አብሾ የቆሎ ተማሪ ቀለም ቶሎ እንዲገባው ይጠጣዋል የሚባል፣ ኋላ ግን ጠላ ሲነካው ጠጪውን ዱላ ያስመዝዘዋል ተብሎ የሚታማ ሥር ነው። በዚህ ዓይነት ክርስቲያኑ ጫቱን ወደ እስላሙ፣ እስላሙ አብሾውን ወደ ክርስቲያኑ ሲወራወሩ ጀላሉ የሚባለው ሰውዬ ከመሀላቸው ሹልክ ብሎ ወጣ። በነገሩ ውስጥ እጅ የነበረው ዕፁ ብቻ ሆነ።

ዘኪያ ነጠላዋን አጠበቀችና ወደ ወንበሩ ተጠጋች። «መምህር፣ የእህቴን ስም የት ጣሉት?»

«ባለቤቱ ይላል እኮ፣ እትዬ ዘኪያ። ባለቤቱ ማለት እሷው ናት።»

«ብስክሌቷስ? ብስክሌቱ ብሎ ማለፍ ይቻል አልነበር?»

ደመላሽ እንደ ደግ አስተማሪ ፈገግ አለ። «ዳማንማ አንባቢ ያውቃታል።»

በረንዳው ሳቀ። ዘኪያም አብራ ሳቀች፤ በዚህች ከተማ ጫት እየሸጠች ብቻዋን ስትኖር የተማረችው ጥበብ ነው፤ ሰው ሲስቅብህ ቀድመህ ካልሳቅህ ሳቁ አንተው ላይ ያድራል።

የሆነውን ለመናገር ጋዜጣ አያስፈልግም ነበር። ጋዜጣው አንደኛ ያለው ጀላሉ በውድድሩ ሁለተኛ የወጣ ዕለት አመሻሹ ላይ ቤቱ ገባ፣ ራት ቀረበለት፣ ወጡ ቀዝቅዞ አገኘው። የጎማ መንፊያውን አንሥቶ የሚስቱን የሁሪያን መንጋጋ ሰበረው። ስትወድቅ ረገጣት፤ በሆዷ የነበረው አምስት ወር የሞላው ልጅ በዚያው ሌሊት ወረደ። በቤቱ ውስጥ የነበረው ዕፅ ሽሮ ነው፤ እሱም የቀዘቀዘ።

ጀላሉ እንደ ታሰረ ወሬው ከፍ ወዳሉት ጆሮ ደረሰና ከተማዋ በአንድ ጧት ከጫት ጸዳች ተባለ። ከራያ በኩል በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚመጣው ጫት ኬላው ላይ እየተያዘ መጋዘን ይቆለፍበታል፤ ዓርብ ዕለት ደግሞ በአደባባይ ተቃጠለ ተባለ። ዘኪያም ጉልቷ ላይ ዝንጅብልና የቡና ገለባ ዘርግታ ዝንብ እሽ ማለት ያዘች። ጫቱ ታሰረ፤ ጀላሉ በዋስ ወጣ።

ሁሪያ የተኛችው በዘኪያ ክፍል ነው። ክፍሉ ከነጭ ድንጋይ የተሠራ፣ ጠባብ፣ በአንዲት መስኮት የሚተነፍስ ሲሆን አልጋው ግማሹን ይዞታል፤ የቀረውን ግማሽ የዘኪያ ሣጥን፣ የውሃ ጋንና ከዓይናለም ጉድጓድ ውሃ የተቀዳበት ቆርቆሮ ተካፍለውታል። ግቢው የአደይ ምሕረታ ነው። አደይ ምሕረታ የአገሩ ተወላጅ፣ ጸጉራቸውን በቅቤ የሚያስተኙ ባልቴት ናቸው፤ የጀላሉም ክፍል እዚያው ግቢ፣ ከሳቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ዳማ እንደ ተጻፈላት ከግድግዳው ተደግፋለች። ጋዜጣው የዘነጋው ነገር ቢኖር ጌታዋን ስትጠብቅ የባልቴቲቱ ዶሮዎች መሪዋ ላይ መስፈር መጀመራቸውን ነው። ያቺን ቀይ ቀለሟን እንዴት አድርገው እንዳበላሹት!

ወጌሻው የሁሪያን መንጋጋ ከአናቷ ጀምሮ በነጭ ጨርቅ አሥሮታል፤ የሚገባላት አጥሚት ብቻ ነው፣ እሱም በቀጭን ሸምበቆ። ዘኪያ ጽዋውን ትይዛለች፣ ሁሪያ ትመጥጣለች። እህትማማቾቹ ከአደጋው በፊትም ቢሆን ስለዚህ ነገር ብዙ አልተነጋገሩም። ሁሪያ ክንዷ በልዞ ስትመጣ ዘኪያ ቅቤ ቀብታ፣ «ወንድ ነው፤ ይበርድለታል» ብላ ትመልሳት ነበር። ዛሬ አንዷ መናገር አትችልም፤ አንዷ የምትናገረው አጣች። አጥሚቱ ሲያልቅ ሸምበቆው ብቻ ጥር፣ ጥር ይላል።

አጎታቸው ሳሊህ ሲገባ ጽዋው ገና ከእጇ አልወረደም። ሳሊህ ከወሎ ቀድሞ መጥቶ የተደላደለ የቆዳ ነጋዴ ነው፤ መስበሐውን እየቆጠረ፣ በሁሪያ አናት ላይ አሻግሮ ከዘኪያ ጋር ያወራል።

«ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ በሼህ አብዱሰመድ ቤት ሽማግሌ ይቀመጣል። ልጅቱን አጥበሽ አልብሰሽ አምጫት። ጀላሉ ቁርኣን ይዞ ጫት እርም ይላል፤ ታርቀው ከዚያው ወደ ቤታቸው።»

«እሷስ ተጠየቀች?»

«ትናንት እኔው ጠይቄያት ዝም አለች። ዝምታ እሺታ ነው።»

«አጎቴ፣ መንጋጋዋ ታስሮ እኮ ነው።»

«ቢሆንም ዝም ብላለች።»

ዘኪያ ጽዋውን አስቀመጠች። «እንዲያው ለወግ ያህል የኛ ወገን መሆን አልነበረብህም? ለሱ ዋስ የሆንከው አንተ ነህ አሉ።»

«ለከተማው ነው ዋስ የሆንኩት!» አለ ሳሊህ ደረቱን ነፍቶ። «ቅዳሜ የዓዲግራት ልጆች ሊወዳደሩ ይመጣሉ። የሰሜኑ ነፋስ እስር ቤት ሆኖ ማን ይገጥማቸዋል? አንቺ ጫትሽን ትነጂያቸዋለሽ? ደግሞስ ልጁ ምን አጠፋ፤ ያጠፋው ቅጠሉ ነው። በጋዜጣ ወጥቷል።»

«ጀላሉ ቅሞ አያውቅም። ይህን ያህል ዓመት ስሸጥ አንዲት እግር ጫት አልገዛኝም። ወዳጃ ላይ፣ ለዱዓ በተቀመጠበት እንኳ ሲደርሰው 'እግር ያከብድብኛል' ብሎ ለጎረቤቱ ነው የሚያሳልፈው።»

«አንቺማ እንዲህ ማለትሽ አይቀርም» አለ ሳሊህ ተነሥቶ ጫማውን እየፈለገ። «ለገበያሽ ነው።»

ይህችን ቃል ትቶ ሄደ። ዘኪያ ደግሞ የአጎቷ ቃል እውነት መሆኑን ወዲያው አየች፤ የጫት ሻጭ ለጫት ስትመሰክር ማን ይሰማታል? ጠላ ሻጭ ስለ ጠላ፣ ነገረ ፈጅ ስለ ጠብ እንደ መመስከር ነው። ሁሪያ ከተኛችበት እጇን ዘርግታ የእህቷን አንጓ ያዘች። ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ግን የያዙትን አልለቁም። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ከበሩ ማዶ ግቢው፣ ከግቢው ማዶ ያ ክፍል።

አደይ ምሕረታ ደፉ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። «ዋይ ኣነ! ሦስት ዓመት ሙሉ በግድግዳዬ ስሰማ ኖርኩ እኮ፣ ጓለይ። በዘነዘና ደብድቤ ደብድቤ ግድግዳዬ ተቦርቡሯል። አንድ ቀን ስንኳ የጫት ሽታ አልሸተተኝም። የናንተ ሽማግሌዎች አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኑ እምበር!»

«ጋዜጣው አልጠየቀዎትም?»

«ማን፣ እኔን? ብሽክለታዋን አይተው፣ ጎማዋን ነካክተው ሄዱ።»

ዘኪያ ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ፤ ፊቷ ላይ ሌላ ነገር መጣ። የሁሪያን ጣቶች አንድ በአንድ ፈታ ሳመቻቸውና፣ «አብሽሪ፤ ዳውላውን ይዤላቸው ልሂድ» ብላ ወጣች።

የጫቱ መጋዘን ኬላው አጠገብ ነው። ዘበኛው አስናቀ የተባለ የጎንደር ሰው ሲሆን ዘኪያ ስትደርስ አንድ ጉንጩ እንደ ብርቱካን አብጦ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ምን ሆነህ ነው አስናቀ?»

«ጥርሴን ነው የሚያመኝ» አለ ጉንጩን በመዳፉ ሸፍኖ።

«አላህ ይማርህ። አረንጓዴ ነው የሚያደርገው?»

አስናቀ ግራ ቀኙን አየ። «ምን ፈለግሽ፣ እትዬ?»

«እኔንም ጥርሴን አሞኛል። ከዚሁ መድኃኒት አንድ እስር ፈልጌ ነው።»

«ተቃጥሏል እኮ! ዓርብ ዕለት በአደባባይ ተቃጥሏል፤ ጭሱን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። የባሕር ዛፍ ሽታ ሸተተኝ።»

አስናቀ ተሸነፈ። ገብቶ አንድ እስር በኬሻ ጠቅልሎ አመጣ። ዘኪያ ገልጣ ስታየው የገዛ ቋጠሮዋ ነው፤ እሷ ብቻ እንዲያ ሁለት ጊዜ ዞራ የምትቋጥረው፣ ከሳምንት በፊት ከነቅርጫቷ የተነጠቀችው። በጥላ ተቀምጦ ውሃ ሲረጭ ስለሰነበተ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም።

«ይኼ የራሴ ነው» አለች።

«ያንቺ በመሆኑማ አይደል በሁለት ሽልንግ የምሰጥሽ» አለ አስናቀ ቅር ብሎት፤ «ለሌላው በሦስት ነው።»

የራሷን ጫት ገዝታ፣ በነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ተመለሰች። ሁሪያን አጠበቻት፣ አለበሰቻት፣ ሻሽ በማሰሪያው ላይ አሰረችላት፤ ደግፋም ወሰደቻት። አደይ ምሕረታ ማንም ሳይጠራቸው ዘነዘናቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ከኋላ ተከተሉ።

የሼህ አብዱሰመድ ቤት በመደቡ ዙሪያ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ግድግዳው በኖራ የተለቀለቀ ቀዝቃዛ ክፍል ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሽማግሌዎቹ እዚህ የሚቀመጡት ጫታቸውን ከፊታቸው ከምረው፣ ነገር በነገር ላይ እየደረቡ ነበር። ዛሬ ግን ከፊታቸው ያለው ባዶ ምንጣፍ ነው። ሐራራው ጨርሷቸዋል። አንዱ ያዛጋል፣ ሌላው ዓይኑን እንባ ሞልቶታል፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ጫማዬን ማን አነሣው ብሎ ከጎረቤቱ ተጣልቶ ሲያበቃ ጫማው እግሩ ላይ ተገኘ። ሼህ አብዱሰመድ ራሳቸው፣ በትዕግሥታቸው የታወቁት፣ ዝንብ ሲያርፍባቸው «ያ ረቢ!» ብለው ይደነፋሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሳምንት ሙሉ በዚህ ሁኔታ ሲሰነብቱ አንዳቸውም የሚስታቸውን መንጋጋ አልሰበሩም።

ጀላሉ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ከአጎት ሳሊህ ጎን ተቀምጧል። ጀለቢያው ያን የታወቀ ጭኑን አልደበቀውም። ሁሪያ ከበሩ አጠገብ በእህቷና በአደይ ምሕረታ መሀል ተቀመጠች፤ ማንም ወደሷ አላየም።

«ጫቱ ነው፣ ሼሁ» አለ ጀላሉ በተጠና ድምፅ። «ዓይኔን ጋረደኝ። የማደርገውን አላወቅሁም።»

«እንግዲህ ጥፋተኛው ራሱን አውቋል» አለ ሳሊህ ቶሎ ብሎ፤ ጥፋተኛ ያለው ጫቱን ነው። «ቁርኣኑ ይምጣና እርም ይበል። የሞተውም ልጅ የአላህ ነው፤ የሰጠ ወሰደ። ልጅቱም እሺ ብላለች።»

ሼሁ እጃቸውን ታጥበው ቁርኣኑን ከተጠቀለለበት ሊያወጡ ሲሉ ዘኪያ ከበሩ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ «አንቱ ሼሁ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ መሐላው ያለ ስንብት ይጸናል?» አለች።

«የምን ስንብት?»

«በኛ አገር በቃሉ ጫት እርም የሚል ሰው መጀመሪያ የስንብት በርጫ ይቀመጣል። በሽማግሌ ፊት ቅሞ፣ ጠግቦ፣ መርቅኖ ነው የሚምለው። ሳይሰናበት የተወ ሰው ቅጠሉ ተከትሎ ይመልሰዋል ይባላል። እኔ ሴት ነኝ፤ እናንተ ታውቁታላችሁ።»

እንዲህ ያለ ልማድ በቃሉም ሆነ በሌላ አገር ኖሮ አያውቅም። ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ይህን ልማድ አላውቅም የሚል ሽማግሌ ጠፋ። «ወላሂ እውነቷን ነው» አለ ጫማውን ያጣው። «በወረባቦም አለ» አለ ዓይኑን እንባ የሞላው፤ «አያቴ ሲሰናበቱ ሦስት ቀን ፈጅቷል።» ሼህ አብዱሰመድ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ልማዱስ ልማድ ነው። ጫቱ ግን ከየት ይመጣል? መሸጥ ተከልክሏል።»

«መሸጥ ነው የተከለከለው» አለች ዘኪያ እስሩን ከነጠላዋ ሥር እያወጣች። «ይኼ ሀዲያ፣ ስጦታ ነው።»

በክፍሉ ውስጥ የነፈሰውን ትንፋሽ ዓዲግራት ሳይሰሙት አልቀሩም። እስሩ ተፈታ። ሽማግሌዎቹ ለስንብቱ አጃቢ መሆን ግዴታ ነው ተባባሉና እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ወሰዱ፤ ትልቁ ድርሻ ግን ለተሰናባቹ ለጀላሉ ተሰጠው። ውሃ መጣ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ መጣ። ጣቶች ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ቀንበጡን መርጠው፣ ለስላሳውን ቅጠል ገፈው፣ ወደ አንድ ጉንጭ ወሸቅ ያደርጋሉ፤ እንጨቱና ሻካራው ቅጠል፣ ገረባ የሚባለው፣ ከፊታቸው ይጣላል። ፊቶች መፈታት ጀመሩ።

ጀላሉ የደረሰውን ትልቅ ነዶ እንደ ያዘ ተቀመጠ። ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ። አጎት ሳሊህ በክርኑ ጎሸም አደረገው። አንድ ቅርንጫፍ አነሣና ከነእንጨቱ ከጫፍ ጀምሮ እንደ ሸንኮራ ገመጠው። አኘከው፤ ዋጠው። ውሃ እንኳ አልጠጣበትም። ዓይኑ ቀላ። እንጨቱ አላስኬደው ሲል፣ የሚበላ የመሰለውን ከምንጣፉ ላይ ያፍስ ጀመር፤ ከሼሁ ፊት የተጣለውን ገረባ ሰብስቦ በጭብጡ ሙሉ ወደ አፉ ጨመረ።

ጫማውን ያጣው ሽማግሌ ማኘኩን አቆመ። ዓይኑን እንባ የሞላው እጁ በአየር ላይ ቀረ። አንድ በአንድ የሁሉም ጉንጭ ቆመ። ማንም ማንንም አልጠቆመም፤ አስፈላጊም አልነበረም። ዳቦ በልቶ የማያውቅ ሰው ዳቦውን ከነቅጠሉ ሲበላ እንደ ማየት ነው።

«ጀላሉ፣ ልጄ» አሉ ሼህ አብዱሰመድ ቀስ ብለው፤ «ስንት ዓመት ቃምክ?»

«ብዙ… ብዙ ዓመት፣ ሼሁ» አለ አፉ ሞልቶ።

«ይኼ አሁን የምትበላው ለፍየል የምንሰጠው ነው።»

ጀላሉ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሌላ ነገር ቀደመው። የሰሜኑ ነፋስ በአራት እግሩ ወደ በሩ ዳኸ፤ ከደፉ ሳያልፍ ግን አስመለሰው። አደይ ምሕረታ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ «እሰይ! ደሓን ውጻእ!» አሉ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሼሁ ፊታቸውን አላዞሩም።

«ያን ዕለት የቃምከው ምን ነበር?»

ጀላሉ አፉን በጀለቢያው እጅጌ ጠረገ።

«አብሾ ነው? የሕንድ ዱቄት ነው? ዓይንህን የጋረደህ ምንድን ነው?»

«ወጡ ቀዝቅዞ ነበር!» ብሎ ጮኸ ጀላሉ። ድምፁ ውስጥ ጸጸት አልነበረም፤ እስካሁን ያላለቀለት አቤቱታ ነበር። «ደክሞኝ ስገባ፣ ተሸንፌ ስገባ፣ ወጡ ቀዝቅዞ ነበር!»

ማንም አልሳቀም። ዘኪያ እንኳ፣ ለዚህች ቀን ስትስቅ የኖረችው፣ ሳቋን ብትፈልገው አጣችው። ሼህ አብዱሰመድ ቁርኣኑን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት። ከዚያ በዚያ ቀን ማንም ያላደረገውን አደረጉ፤ ወደ በሩ ዞረው ሁሪያን አዩዋት።

«ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ወደ ቤቱ ትመለሻለሽ?»

ሁሪያ የታሰረ መንጋጋዋን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች። ራሷን ወደ ግራ ወሰደችው፣ ወደ ቀኝ መለሰችው፣ ደግማ ወደ ግራ። እያንዳንዱ ንቅናቄ ሲያማት ከዓይኗ ይታይ ነበር። ሼሁ በቃሽ ብለው እጃቸውን እስኪያነሡ ድረስ አላቆመችም።

«ሳሊህ» አሉ ሼሁ፤ «ይኼም ዝምታ ነው። ይኼኛውስ እሺታ ነው?»

ሳሊህ መስበሐውን አተኩሮ ተመለከተ። «ቅዳሜ ግን፣ የዓዲግራት ልጆች…»

«ቅዳሜ ብስክሌቷ ብቻዋን ትሂድ።»

ከዚያማ ጫቱ ሥራውን ጀመረ። ሳምንት ሙሉ የታፈነው አንደበታቸው ተፈትቶ ሽማግሌዎቹ ስለ ሴት ልጅ ክብር፣ ስለ ጎረቤት ሐቅ፣ ስለ ሐሰተኛ መሐላ ቅጣት እየተቀባበሉ ሲናገሩ የሰማ በሕይወታቸው ሌላ ነገር አስበው የሚያውቁ አይመስለውም ነበር። ፍቺው ተወሰነ፤ ሳሊህም ዋስትናውን ሊያነሣና ጀላሉን ወደ ጣቢያው መልሶ ሊያስረክብ ቃል ገባ፤ መርቅኖ ስለነበር ከማንም በላይ አጥብቆ የተናገረው እሱ ነው። በዚያ ቤት በዚያ ቀን ፍርድ የተገኘው በጫት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ጋዜጣ ግን አይጽፈውም።

መምህር ደመላሽ ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። «እህሳ፣ እትዬ ዘኪያ፣ ምን ተወሰነ? ሲያስመልሰውም አይቻለሁ፤ ዕፁ እስካሁን ከሰውነቱ አልወጣም ማለት ነው?»

ዘኪያ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው፤ ቅሞ እንደማያውቅ፣ ገረባ እንደበላ፣ ወጡ እንደቀዘቀዘ። ደመላሽ ከልቡ አዳመጣትና በኀዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ለጋዜጣ አይሆንም። ሰው ሳይቅም፣ ሳይጠጣ፣ እንዲያው በደህናው ሚስቱን መታ ቢባል ምኑ ወሬ ነው? እንዲህማ ከሆነ ሰፈሩን ሁሉ ልንጽፍ ነው።»

ዘኪያ አየችው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የገዛ ቃሉ ምን እንዳለ እንኳ አልሰማውም። «እንግዲያው ስሟን ጻፉ» አለችው። «ሌላ አልለምንም። ሁሪያ ናት። እዚሁ ፊቴ ይጻፉት።»

ደመላሽ በፊቷ ጻፈው። ጥሩ አድርጎ፣ በትልልቅ ፊደል። ማታውን ዳማንም ከሥሩ ጨመረ፤ ምክንያቱም ብስክሌቷን የገዛለት ነጋዴ በዚያው ምሽት ሰው ልኮ አስወስዷት፣ የአደይ ምሕረታ ዶሮዎች ማደሪያ አጥተው ሲንጫጩ አመሹ።

የሚቀጥለው ጋዜጣ ሲመጣ የሁሪያ ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር። መንጋጋዋ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብሎ ገጥሟል፤ ገና ግን ቃል አልወጣትም። ዘኪያ ክንዷን ይዛ እስከ ሻይ ቤቱ በረንዳ ወሰደቻት፤ ስሟ ሲነበብ በጆሮዋ እንድትሰማ። ሕዝቡ ቦታ ለቀቀላቸው። ደመላሽ ወንበሩ ላይ ወጣ።

«ዕፁ የሰሜኑን ነፋስ በሽማግሌዎች ፊት ዘረረው!» ብሎ በኃይል ጀመረ። ጫቱን አነበበ፣ አብሾውን አነበበ፤ የሕንዱ ዱቄት በዚህኛው ዕትም ስም አግኝቷል፤ እሱንም አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ከአንደበቱ ቀደመና ድምፁ ሰለለ። ከረባቱን ላላ አደረገ። በማተሚያ ቤቱ ያለ አንድ ሰው ሁለቱን ስሞች አይቶ የትኛው የማን እንደሆነ በራሱ ፈርዶ ነበር።

«አንብብ እንጂ!» አለ ጸሐፊው።

«…ባለቤቱ ወይዘሮ ዳማ» አለ ደመላሽ ወደ መሬት እያየ፤ «በደረሰው ሁሉ እጅግ አዝነዋል።»

ሕዝቡ ለወይዘሮ ዳማ ከንፈሩን መጠጠ።

«ሁሪያ የተባለችው ዝነኛ ብስክሌቱም ከእጁ ወጥታለች። ከእንግዲህ ወደ እሱ አትመለስም።»

በረንዳው በሙሉ ወደ ሁሪያ ዞረ። ዘኪያም አለቀሰች ብላ ወደ እህቷ ዞረች። ሁሪያ አላለቀሰችም። መንጋጋዋን በመዳፏ ደገፍ አደረገች፤ ከዚያን ዕለት ወዲህ የመጀመሪያው ቃሏ፣ ዝግ ብሎ፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብሎ ወጣ።

«ከሁለቱ ስም አንዱን እንኳ አልሳቱም።»